የታሪክ ክበቡ ቀፎዎች

ባለፈው ሳምንት ሬዲዮ ከፍቼ ጎደሬ እልጥ ነበር። ጎደሬ እጅ ያሳክካል፤ ልብን ወደ ሌላ ነገር የሚወስድ ወሬ ከሌለ ልጠው የሚያልቅ አይመስልም። ፕሮግራሙ ስለ አካባቢ ታሪክና ስለ ቅርስ ጥበቃ ነበር። ጋዜጠኛዋ አንድ ትልቅ ሰው ጋብዛለች። ገና «አመሰግናለሁ» ሲል ድምፁን ለየሁት። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት የድንጋይ ወንበሮች እንዴት ከጥፋት እንደተረፉ ስትጠይቀው፣ «እኛ በተማሪነታችን ታግለን ነው ያተረፍናቸው» አላት። እንዴት እንደታገለ አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም። እኔ ቢላዋዬን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ራሱን ያውቃል፤ ሚዛን ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰውም ያውቀዋል። እኔ ሰው ፊት ብዙ የምናገር ሴት አይደለሁም፤ የቤቴን ነገርም ለሰው አላወራም። ይህን የምጽፈው ያን ቦታ በእውነት ያተረፈችው ሴት ስሟ በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ስላልተነሳ ነው። ለነገሩ እኔም አልወዳትም ነበር። ግን አለመውደድ ሌላ፣ ሰውን ከነሥራው መቅበር ሌላ ነው።

ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም ነበር። ወረዳው ሁሉ አዲስ፣ ቢሮው ሁሉ አዲስ፣ የበሩ ቀለም እንኳ ገና ያልደረቀበት ጊዜ ነው። የባህል ቢሮ የሚባል ነገር ተከፍቶ፣ በየትምህርት ቤቱ የታሪክ ክበብ ይቋቋም፣ ተማሪዎች በየቀዬአቸው ያለውን ጥንታዊ ቦታ ጠይቀው ይመዝግቡ ተባለ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ታሪክ ማለት ሩቅ አገር ያሉ ነገሥታት ነገር እንጂ፣ ከቤታችን በታች ያለው ዋንዛ ሥር የሆነ ነገር ታሪክ ይባላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የድንጋይ ወንበሮቹ ያሉት እኛ ቀበሌ ነው። ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ቀረሮና ዋንዛ የከበቡት ደልዳላ ቦታ አለ። ዛፎቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ሽበት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። ድሮ የየጎሳው ሽማግሌዎች እዚያ ተቀምጠው ይፈርዱ ነበር። ድንበር የገፋ፣ ልጃገረድ የጠለፈ፣ ነፍስ ያጠፋ እዚያ ይቀርባል። እያንዳንዱ ድንጋይ የአንድ ጎሳ ነው፤ ሌላው አይቀመጥበትም። በእኔ ልጅነት ፍርዱ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከሄደ ቆይቶ ስለነበር ቦታው ዝም ብሏል። ዝናብ ሲመጣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ይጠለሉበታል፤ ሌላ ጥቅም አልነበረውም።

በምሥራቅ በኩል፣ ከክቡ ጫፍ ላይ ያለው ረጅም ቀረሮ የአባቴ ነበር። የአባቴ ስል መሬቱን ማለቴ አይደለም። በእኛ አገር የጫካ ዛፍ የሚታወቀው በቀፎው ነው። አንድ ሰው ቀፎውን ከሰቀለበት ያ ዛፍ የእሱ ነው፤ መሬቱ የሌላ ሰው ቢሆን፣ የመንግሥት ቢሆን፣ ቀፎ ያለበትን ዛፍ የሚቆርጥ የለም። ሌባ እንኳ ማሩን ይሰርቅ እንደሆነ እንጂ ዛፉ ላይ መጥረቢያ አያነሳም። ቀፎው ወድቆ የሚተካው ሲጠፋ ግን ዛፉ የማንም ይሆናል።

አባቴ የሞተው እኔ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ቀፎው በስብሶ ወደቀ። ታናሽ ወንድሙ ማርቆስ ይተካዋል ብለን ጠበቅን፤ አልተካውም። አጎቴ ማርቆስ በዚያ ጊዜ ጌታን ተቀብሎ የቸርች ሽማግሌ ሆኖ ነበር። «እዚያ ቦታ የድሮ ነገር አለበት» ብሎ ጫካ ውስጥ ሌሎች ዛፎች ላይ ሰቀለ። እናቴ ምንም አልተናገረችውም። እኔም አልተናገርኩትም፤ ያዝኩበት እንጂ።

የታሪክ ክበቡን የምትመራው ቲቸር ውድነሽ ነበረች። ከወልቂጤ በኩል ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፈገግታ የማታባክን ሴት ናት። የሚዛንን ጭቃ የሚያውቅ ሰው ይህን ያደንቃል፦ ጫማዋ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር። እንዴት ብለን ስንከራከር ኖረን፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ጅረት በባዶ እግሯ ቆማ፣ እግሯን ታጥባ፣ ከቦርሳዋ ጫማ ስታወጣ አየናት። መንገዱን በባዶ እግሯ ነበር የምትመጣው። እኛ በባዶ እግር መሄድ የሚያሳፍረን ልጆች ነበርን፤ እሷ የሚያሳፍራት ጭቃ ይዞ ክፍል መግባት ነበር።

እያንዳንዳችን ስለ አንድ ጥንታዊ ቦታ ጽፈን እንድንመጣ አዘዘችን። እኔ ስለ አባቴ ቀረሮ ጻፍኩ። ድንጋዮቹን፣ ሽማግሌዎቹን፣ አባቴ ከላይ ማር ሲቆርጥ ከሥር የሚፈረደውን ፍርድ እየሰማ እንዴት እንዳደገ፣ ቀፎ ያለበት ዛፍ እንዴት እንደማይነካ፤ ሁሉንም ጻፍኩ። ማታ ማታ በኩራዝ የጻፍኩት ነው። ቲቸር ውድነሽ ክበቡ ፊት ጮክ ብላ አነበበችው፤ ጨርሳም ወረቀቱን አጠፈችው።

«ይሄ የማር ነገር ነው» አለች። «ታሪክ ለመሆን መቼ፣ ማን፣ ከማን ሰማሽ የሚለውን ይፈልጋል።»

የክበቡ ሊቀመንበር፣ ያ ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ሰውዬ፣ ከኋላ ሆኖ «ቲቸር፣ ከንቧ ነው የሰማችው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ትምህርት እስክጨርስ ድረስ «ንቢቱ» ብለው ጠሩኝ። እሷ አልሳቀችም። የሳቁትንም ዝም አላሰኘችም። ከአሥር አራት ሰጠችኝ።

ጥር ወጥቶ የካቲት ሊገባ ሲል፣ ሰው የመጨረሻውን ቡና አድርቆ በጆንያ ሲያስር፣ ወሬው መጣ። አንድ የቡና ነጋዴ መጋዘንና ማድረቂያ ሊሠራ የድንጋይ ወንበሮቹን ቦታ ከቀበሌው ተረክቧል። መንገድ ዳር ነው፣ ደልዳላ ነው፣ ባለቤት የለውም። ሰኞ ዛፍ ቆራጮች ይገባሉ ተባለ። ለእኔ ድንጋዩ ሁሉ ምንም ነበር፤ የታየኝ አንድ ዛፍ ነው። ከአባቴ የቀረን እሱ ብቻ ነበር፤ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረውም።

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ የተቃውሞ ደብዳቤ እንጻፍ አለ። ስለ ደብዳቤው አጻጻፍ ሁለት ቀን ተከራከሩ። ቲቸር ውድነሽ በዚያ መሀል ወረዳ ሄዳ ተመልሳለች። ቦታው ለምዝገባ ወደ ዞን ተልኳል፣ የዞኑ መልስ የሚመጣው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው ብለዋታል። እስከዚያ ማቆም አንችልም አሏት። ይህን ለእኛ ስትነግረን ድምፅዋ አልተለወጠም። ከዚያ ጥላዋን አንስታ ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቴ ጨሞ ስታፈላ፣ ቲቸር ውድነሽ ጥላዋን ይዛ በራችን ላይ ቆመች። የቡና ቅጠሉ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣው ጋር ሲፈላ ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ መንገደኛ ሁሉ ይገባል። አስተማሪ ግን ገብቶ አያውቅም ነበር። እናቴ ደንግጣ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል አቀረበች። ቲቸር ውድነሽ በበርጩማ ላይ ተቀምጣ ጨሞውን ቀመሰች፤ ሚጥሚጣው ዓይኗን አስለቀሳት።

«ቲቸር፣ ተዪው ካልለመድሽው» አለች እናቴ።

«እለምደዋለሁ» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አስቴር፣ ያን የማር ነገር እንደገና ንገሪኝ።»

«ጽፌው ነበር» አልኩ።

«አንብቤዋለሁ። አሁን ልስማው። ቀፎ ያለበትን ዛፍ ማንም አይቆርጥም ብለሻል። ማንም ስትዪ ማን ማን ነው? የቀን ሠራተኛስ? ከሌላ ቀበሌ የመጣስ? ባዶ ቀፎስ ከሆነ?»

መልስ መስጠት አልፈለግሁም ነበር። ግን አንዱን ስመልስ ሌላውን ትጠይቃለች። አባቴ ቀፎውን በምን ይሠራው ነበር፣ በምን ያጥነው ነበር፣ በየትኛው ወር ይሰቅል ነበር፣ ሲወጣ ምን ይል ነበር። ጀንበሯ ዘቅዝቃ ጨሞው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተናገርኩ። በመጨረሻ ተነሳችና «አጎትሽ ጋ ውሰጂኝ» አለች።

አጎቴ ማርቆስ ጓሮው ውስጥ አዲስ ቀፎ በሐረግ ሲያስር አገኘነው። ወቅቱ ነበር፤ የቡና አበባ ከመፍካቱ በፊት ቀፎ የሚሠራ ሁሉ ጓሮው ውስጥ ነው። አጎቴ አማርኛን ያወቀው ካደገ በኋላ ስለሆነ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሚኒስትር ቢመጣም አንተ ነው የሚለው። እሷም እንደ እሱው አንተ አለችው።

«ማርቆስ፣ ቀፎህን ድንጋዮቹ ጋ እንድትሰቅል ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

«እዚያ አልሰቅልም። የድሮ አምልኮ ቦታ ነው።»

«እዚያ ምን ይደረግ ነበር?»

«እኔ እንጃ። የድሮ ሰው ነገር ነው።»

«እኔ የሰማሁት፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከሟች ወገን ጋር የሚታረቅበት ቦታ ነበር ሲባል ነው። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ቅል ይጠጡ ነበር። ይሄ አምልኮ ነው?»

አጎቴ ሐረጉን ለቀቀ። «ይሄን ማን ነገረሽ?»

«የወንድምህ ልጅ ጽፋዋለች።»

አጎቴ እኔን አየኝ፤ እኔ ቀፎውን አየሁ። ስለ ቅሉ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከአሥር አራት የሰጠችውን ወረቀት በቃሏ ይዛዋለች።

«ለቸርቹ ሰዎች ምን እላለሁ?» አለ አጎቴ።

«እርቅ የተደረገበት ቦታ እንዳይቆረጥ ነው በላቸው። እርቅ የሚጠላ ቸርች ካለ እኔ መጥቼ አናግረዋለሁ።»

አጎቴ ሳቀ። እሱን ያሳቀው ሰው ጥቂት ነው። «ሴትዮ፣ አንቺ ፓስተር መሆን ነበረብሽ» አላት።

እሁድ ሥራ አይሠራምና ሁሉም ነገር ቅዳሜ መሆን ነበረበት። አጎቴ ዓርብ ማታውን ከቤት ቤት ዞሮ ቀፎ ያለውን ሁሉ ለመነ። ቅዳሜ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ የእኛ መንደር ወንዶች ቀፎ በትከሻ፣ ገመድ በወገብ አድርገው መጡ። ቲቸር ውድነሽም መጣች፤ በባዶ እግሯ። አንድ ቀፎ አንስታ ልትሸከም ስትል አንድ ሽማግሌ ተንደርድረው ከለከሏት።

«ሴት ቀፎ አትነካም። ንቧ ትሸሻለች።»

«አባባ፣ እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም፤ ንቧ አታውቀኝም» አለችና ተሸክማ ሄደች። ወንዶቹ እየሳቁ ተከተሏት።

ሊቀመንበሩ ረፋድ ላይ ደረሰ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጥቂት ቆሞ አየና «ይሄ የታሪክ ክበብ ነው ወይስ የንብ አርቢዎች ማኅበር?» አለ። ቲቸር ውድነሽ ገመድ እየጎተተች፣ ሳትዞር፣ «ከላይ የሚወጣ ሰው ጎድሎናል፣ ሸሚዝህን አውልቅ» አለችው። ሸሚዙን አላወለቀም። ደብዳቤውን ላስተካክል ብሎ ሄደ። «ታግለን» የሚለው ይህን ከሆነ፣ የታገለው ከሸሚዙ ጋር ነው።

የዛፍ አወጣጡን ያላየ ሰው ከባድነቱን አያውቅም። ቀረሮ ቅርንጫፍ የሚጀምረው ሰማይ አጠገብ ነው። ሰውየው ገመዱን በግንዱ ዙሪያ አድርጎ፣ ራሱን እየወረወረ፣ እግሩን እየተከለ ይወጣል፤ ቀፎው ከኋላው ይሳባል። በጭስና በቅጠል የታጠነው ቀፎ ሽታ ጫካውን ሞላው። ክቡን የከበቡት ዛፎች አንድ በአንድ ባለቤት አገኙ። ቀፎ የሰቀለ ሰው ከላይ ሆኖ የባለቤቱን ስም ይጠራል፤ ከሥር ያሉት ሰምተናል ይላሉ። ምስክርነቱ ያ ነው።

የአባቴ ዛፍ መጨረሻ ቀረ። ወጣቶቹ ደክሟቸዋል። አጎቴ ማርቆስ ኮቱን አውልቆ ለእናቴ ሰጣትና በዚያ ዕድሜው ራሱ ወጣ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ሁለቴ ቆሞ ሲያርፍ የትንፋሹ ድምፅ ከሥር ይሰማ ነበር። ከላይ ሆኖ የራሱን ስም ይጠራል ብለን ስንጠብቅ የአባቴን ስም ጠራ። ቀጥሎ «ለልጁ ለአስቴር» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ለሴት ልጅ?» አሉ። ቲቸር ውድነሽ «ሰምተናል» አለች፤ ከሁሉም ቀድማ፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ሌሎቹም አሉ። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ፤ ፊቴን ለማንም ማሳየት አልፈለግሁም።

ሰኞ ጠዋት አይሱዙ መጣ። ቆራጮቹ የአካባቢያችን የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ወረዱ፣ ቀና ብለው አዩ፣ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ድንጋዮቹ አጠገብ ሣር ላይ ተቀመጡ። የነጋዴው አሠሪ ከተማ ያደገ ሰው ነበር፤ ነገሩ አልገባውም።

«ምን ሆናችሁ? ተነሱ እንጂ።»

«ቀፎ አለበት» አለው አንዱ።

«ባዶ ነው። ከትናንት ወዲያ ነው የተሰቀለው፤ አገር ሁሉ ያውቃል።»

«ውጣና አንኳኳ፤ ቤት የሌሉ እንደሆነ ይነግሩሃል።»

አጎቴ ማርቆስ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ደረሰ። አሠሪው ቀፎዎቹ ይውረዱ አለ። አጎቴ ቀስ ብሎ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ የተሰቀለ ቀፎ ማር ተቆርጦበት እንጂ አይወርድም አለው።

«ንቡ መቼ ነው የሚገባው?»

«እኔ አላዘውም። አንተ የምታዘው ከሆነ እዘዘው።»

የቀበሌው ሊቀመንበር መሬት አየ። እሱም ከዚያው አገር ነው፤ የአባቱ ቀፎ የት የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። በነጋታው ከቴፒ በኩል ሌሎች ቆራጮች መጡ። እነሱም የጫካ ልጆች ናቸው፤ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ቀና ብለው «የማን ነው?» ብለው ጠየቁና በዚያው መኪና ተመለሱ።

ከዚያ ዝናብ ጣል አደረገ፣ የቡና አበባው በአንድ ሌሊት ነጭ ሆነ፣ አየሩ ሁሉ ጣፈጠ። ንቦቹም ገቡ። የማሩ ጊዜ ሳይደርስ የዞኑ መልስ መጣ፤ ቦታው ተመዝግቧል፣ እንዳይነካ። ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቦታ ተሰጠው፣ መጋዘኑ ዛሬም አለ።

የምዝገባው በዓል ቀን ንግግር ያደረገው የክበቡ ሊቀመንበር ነው። ነጩን ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ቲቸር ውድነሽ ከኋላ፣ ሴቶች መሀል፣ ጥላዋን ዘርግታ ቆማለች። ስሟን አልጠራም። እሷም የጠበቀች አትመስልም ነበር። እኔ አጠገቧ ሄጄ ያን ጊዜ ሁሉ የያዝኩትን ነገር አወጣሁት።

«ቲቸር፣ ታዲያ ነጥቤ አይስተካከልም?»

አየችኝ። «አይስተካከልም። ጽሑፉ ላይ ጊዜ የለም፣ የተናገረ ሰው ስም የለም። አራቱ ልክ ነው።» ቀጥላም «ነገሩ ግን እውነት ነበር። ጊዜና ስም ጨምረሽ እንደገና ጻፊው» አለች።

ተናድጄ አልጻፍኩትም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም፤ አድራሻዋንም አልጠየቅሁም።

ይኸው አሁን ጻፍኩት። ቲቸር ውድነሽ ከሳቁብኝ ሰዎች አላዳነችኝም፤ ይቅርታም አላለችኝም፤ ይህን ዛሬም አልተውኩላትም። ብዙ መልካም የተናገሩልኝን ሰዎች ግን ረስቻቸዋለሁ። ስህተቷን ስታውቅ ስለ ስህተቷ አላወራችም፤ ጭቃውን በባዶ እግሯ አቋርጣ መጣች። ስንት የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ከእሷ በኋላ አላየሁም።

ቀረሮው ቆሟል። በጥር ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከሥሩ ስቆም ንቦቹ ይሰማሉ። ግን ስለዚያ ቀን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ዛፉ አይደለም። እናቴ ስለ አባቴ ማውራት አትችልም ነበር፤ አጎቴ አይፈልግም ነበር፤ ሌላው ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ያልፍ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ስለ እሱ ጠይቆኝ፣ ቁጭ ብሎ፣ እስክጨርስ ድረስ የሰማኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።